ሦስቱ ቢጫ ሽቦዎች

ሞተር ሳይክሌ አልነሳ ስትል መጀመሪያ የወቀስኩት ባትሪዋን ነው። ጠዋት ስታርት ስጫን ሞተሪኖው (ማስነሻው) "ጠቅ" ብሎ ዝም አለ፣ መብራቱ ፈዘዘ፣ ፍሬቻው ሥራ እንደሰለቸው ሰው ቀስ እያለ ብልጭ ይላል። በቃ ባትሪ ነው አልኩና አዲስ ገጠምኩ። ሞተሯ ወዲያው ተነሳች። ሁለት ቀን በደስታ ነዳሁ። በሦስተኛው ቀን፣ ለዚያውም ማታ፣ መንገድ ላይ መብራቷ እየደበዘዘ ሄዶ ሄዶ ጭልም አለ፣ እሷም ጠፋች። ገፍቼ ቤት አስገባኋት። ሞተር ስትገፋ ለማሰብ ብዙ ጊዜ አለህ፤ አዲስ ባትሪ በሁለት ቀን እንደማይሞት፣ የሚሞላው ጠፍቶ እንደሆነ ያኔ ነው የገባኝ።

የሚሞላው አልተርኔተሩ ነው፣ ብዙ ሰው ዲናሞ የሚለው። አብዛኞቹ ሞተሮች ላይ ማግኔት የተገጠመበት ቮላኖ (ከባድ ክብ ብረት) ከክራንኩ፣ ማለትም ከኤንጂኑ ዋና ዘንግ ጋር ይዞራል፣ መሃሉ ላይ ደግሞ ስታተር የሚባል የማይዞር የመዳብ ሽቦ ጥቅል አለ። የሚመነጨው ኤሲ (አቅጣጫው የሚቀያየር) ኤሌክትሪክ በሦስት ሽቦ (ብዙ ጊዜ ቢጫ ናቸው) ሬጉሌተሩ ጋ ይሄዳል፤ እሱ ወደ ዲሲ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ ወደሚሄድ) ቀይሮ፣ ቮልቱን ገድቦ ለባትሪው ይሰጣል። ስለዚህ ሊበላሽ የሚችለው ስታተሩ፣ ሬጉሌተሩ ወይም መሃል ያለው ሽቦ ነው። የቱ እንደሆነ ለማወቅ አንድ ተራ ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ይበቃል።

ባትሪውን ቻርጅ አድርጌ አስነሳኋትና ጫፎቹ ላይ ለካሁ። ነዳጅ ሰጥተህ በደቂቃ 5,000 ዙር አካባቢ ስትደርስ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ማንበብ አለበት። የኔ 12.3 ላይ ቆመ፣ ቆይቶ እሱም መውረድ ጀመረ። አጥፍቼ ቢጫዎቹ የሚገናኙበትን ሶኬት ነቀልኩ። እዚህ ጋ ቀልጦ ጠቁሮ ብታገኘው ደስ ይበልህ፣ ብዙ ጊዜ ችግሩ እዚያው ነው፤ ቆርጠህ በደንብ ብትቀጥለው ትገላገላለህ። የኔ ትንሽ ቡኒ ከመሆን በቀር ደህና ነበር።

ከዚያ ወደ ስታተሩ። በሦስቱ ሽቦዎች መካከል ሁለት ሁለቱን እያደረግክ ኦም (ሽቦው ለኤሌክትሪክ ያለውን ተቃውሞ) ትለካለህ፤ ብዙ ጊዜ ከ1 ኦም በታች ነው፣ ዋናው ሦስቱም ንባብ እኩል መሆኑ ነው። (መጀመሪያ የቴስተሩን ጫፎች እርስ በርስ አነካካና የሚያሳየውን ቀንስ፣ አለዚያ የራሱን ገመድ ነው የምትለካው።) የኔ እኩል ነበር፣ ተሞኝቼ ልተወው ነበር። ቀጥዬ አንዱን ጫፍ ቢጫው ላይ፣ ሌላውን የኤንጂኑ ቦዲ ላይ ሳደርግ ግን ቴስተሩ ጮኸ፣ ኤሌክትሪክ ያልፋል ማለት ነው። መጮህ የለበትም። ሽቦዎቹ ውስጥ ለውስጥ ስለተያያዙ አንድ ቦታ ላይ ኢንሱሌሽኑ (የሽቦው መከላከያ ልባስ) ተቃጥሎ ብረቱን ከነካ ሦስቱም ይጮኻሉ። ለማረጋገጥ ሶኬቱ እንደተነቀለ አስነስቼ በኤሲ ለካሁ፤ በ5,000 ዙር ሃምሳ ስድሳ ቮልት መድረስ የነበረበት ሃያም አልሞላም። ይህን ስትለካ ሽቦውን በእጅህ እንዳትነካ፣ ይነዝራል።

ዘይቱን አፍስሼ የጎን ክዳኑን ፈታሁ። ቡሎኖቹ ርዝመታቸው ይለያያል፤ ካርቶን ላይ የክዳኑን ቅርጽ ስዬ እያንዳንዱን በቦታው ሰካሁት። ክዳኑን ስትስበው ማግኔቱ መልሶ ይጎትተዋል፣ ጣትህን ጠብቅ። ሲከፈት መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ዓይነት። ከ18ቱ ጥቅሎች አምስቱ ከሰል መስለዋል።

እዚህ ላይ ጀግና ልሁን አልኩ። ራሴ ልጠቅልለው ብዬ ዙር እየቆጠርኩ መፍታት ጀመርኩ፣ ሦስተኛው ጥቅል ላይ ቁጥሩ ጠፋኝ። ይቻላል፣ የሚያደርጉ ሰዎች አሉ። ግን ሽቦው በጋለ ዘይት ውስጥ ስለሚኖር ከባድ ሙቀት የሚችል ኢናሜል (ቀጭን መከላከያ ልባስ) ይፈልጋል፣ የአጠቃለሉ አቅጣጫም ከተሳሳተ ልፋቱ ከንቱ ነው። ተውኩትና አዲስ ገዛሁ። ስትገዛ የጥቅሎቹን ብዛት፣ የመሃል ቀዳዳውን ስፋትና ሶኬቱን ከአሮጌው ጋር አስተያይ።

ሬጉሌተሩንም በቴስተሩ የዳዮድ መለኪያ ፈተሽኩት። ኤሌክትሪክ በአንድ በኩል ብቻ ማሳለፍ ሲገባው አንደኛው መስመር በሁለቱም በኩል ያሳልፋል። ይህን ሳላይ ብዘጋው ኖሮ አዲሱም ስታተር ይቃጠል ነበር። እሱንም ቀየርኩ።

መግጠሙ ከመፍታቱ ይልቅ ትዕግሥት ይፈልጋል። አሮጌውን ጋስኬት (ዘይት እንዳይወጣ ክዳኑ ስር የሚገባውን ንጣፍ) በካቻቪቴ እንዳትፍቅ፣ አሉሚኒየሙ ይጫራል፤ እኔ የተሳለ እንጨት ተጠቀምኩ። ስታተሩን የሚይዙት ትንንሽ ቡሎኖች ላይ የቡሎን ማጣበቂያ ጠብ አድርግ፣ ምክንያቱም አንዱ ቢፈታ በቀጥታ ቮላኖው ላይ ነው የሚወድቀው። ሽቦው በመያዣው ስር ይለፍ፣ የሚወጣበት ጎማ ላይ ትንሽ ሲልከን። ክዳኑን ስትመልስ ማግኔቱ ይነጥቅሃል፣ ጣቴን ለጥቂት ነው ያተረፍኩት። ቡሎኖቹን በመስቀለኛ አጥብቅ፣ ግን አትታገላቸው።

ዘይት ሞላሁ። ባትሪውንም ከማስነሳቴ በፊት በቻርጀር ሙሉ በሙሉ ሞላሁት፣ ባዶ ባትሪ ለአዲስ ስታተር ከባድ ሸክም ነውና። አስነሳሁ፣ ነዳጅ ሰጠሁ፣ 14.2። መብራት አብርቼም ብዙ አልወረደም። ያን ቁጥር እያየሁ አሥር ደቂቃ ሳልቆም አልቀርም።

አሮጌውን ባትሪ፣ ያን የወቀስኩትን፣ ለነገሩ ብዬ ቻርጀር ላይ አሳደርኩት። ነቅዬ ጥቂት ሰዓት አቆይቼ ስለካው 12.7። ምንም አልሆነም ነበር።