ቀልዱ ከበሮ ሥር እንዳይቀበር

ኮተቤም ሆነ ቃሊቲ፣ በከተማው ዳር ባሉ የወጣት ማዕከላትና የወረዳ አዳራሾች ዘፈን ያለበት ኮሜዲ የሚሞክሩ አማተር ክበቦች የሚያማርሩት አንድ ነገር ነው፤ ልምምድ ላይ ያሳቀው ቀልድ መድረክ ላይ ይሞታል። ሰዉ አልሳቀም ብሎ ድርሰቱን መቅደድ ግን አያስፈልግም። የድሮዎቹን አሠራር ማየት ይበጃል።

የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት የሚባለው የተክለሐዋርያት ተክለማርያም ሥራ፣ በ1913 ዓ.ም. አካባቢ የቀረበው፣ ራሱ ኮሜዲ ነበር። ገጸ ባሕርያቱ አውሬዎች ሆነው የሹማምንቱን ጉድ ስለተናገሩ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። ዘፈንና ትወና አብረው የኖሩት ግን በሀገር ፍቅር ነው። ማኅበሩ በ1927 ዓ.ም. ሲመሠረት የጣልያን ወረራ አንዣቦ ነበርና ሕዝቡ የሚቀሰቀሰው በንግግርና በአዝማሪ ነበር። ከነፃነት በኋላ መድረኩ ሲጠናከር አንዱ ሰው ይዘፍናል፣ ይጨፍራል፣ ያስቃል፤ ቀሚስ ለብሶ ሴት ሆኖም ይጫወታል። እንደ አስናቀች ወርቁ ያሉ፣ ክራሩንም ትወናውንም የያዙ ሴቶች የመጡት ቆይተው ነው።

ከአዝማሪው የተወረሰው ትልቁ ጥበብ ዝምታ ነው። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ያስቀምጣል፤ ቤት መምቻውም መጨረሻ ነው፤ ስለዚህ ሳቁ ያለው በስንኙ የመጨረሻ ቃል ላይ ነው። ይህችን በ«የወል ቤት» (ስድስት ስድስት ቀለም በሚቆጠርበት የግጥም ምጣኔ) የተሠራች ስንኝ እንውሰድ፦

ለገጣፎ ዳር ላይ ቤት ልሠራ ብዬ፣
በሩን ገዛሁና ቀረ ግድግዳዬ።

ከበሮ መቺው «ግድግዳዬ» ላይ የከበሮውን ሰፊ ፊት ከመታ ተመልካቹ የሰማው በር ስለገዛ ሰው ብቻ ነው። ምን ያስቀዋል? ልምምዱን ያለ መሣሪያ ጀምሩ። ግጥሙን እንደ ወሬ አንብቡ፣ የየስንኙን የመጨረሻ ቃል በቀይ አስምሩ፤ እዚያ ላይ የከበሮው እጅ ይነሣል፣ ክራሩ ብቻ ቀጭን ድምፅ ይዞ ይቆያል። ሳቁ ሲነሣ አትግቡ፤ ሞልቶ መውረድ ሲጀምር ግቡ። ፈጽሞ እስኪያልቅ ከጠበቃችሁም አዳራሹ ይቀዘቅዛል። መቼ እንደሚገባ የሚወስነው ተዋናዩ ነው፣ ማሲንቆ ተጫዋቹ የእሱን ትከሻ ይይ እንጂ ተመልካቹን አይይ። አብሮ የሚስቅ ሙዚቀኛ ምቱን ያጠፋል።

እስክስታና ዘፈን በአንድ ትንፋሽ አይሆንም። አብዛኛው አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፣ ወደ እንጦጦ ጥግ ደግሞ ይብሳል። ጭፈራውን መሣሪያ ብቻ በሚጫወትበት ቦታ አስገቡ፤ ከዚያ ዋሽንቱ ስምንት ምት ያህል ብቻውን ይሂድ፣ ተዋናዩም ትንፋሹን ይሰብስብ። ይህ ካልተደረገ የሚጠፋው መቼም የመጨረሻው ቃል ነው።

ወንድ ሴት ሆኖ ሲጫወት ድምፁን ማቅጠን የለበትም። ቀጭን ድምፅ አንዴ ያስቃል፣ ከዚያ በኋላ ቃል አይለይም። የራሱን ድምፅ ይያዝ፤ ሴትነቱ በነጠላው አያያዝ ይታይ። ለሽበት ዱቄት የሚነሰንሱ አሁንም አሉ፤ ከላብ ጋር ሊጥ ሆኖ ግንባር ላይ ይወርዳል። ጥጥ ይሻላል፣ በስሱ ተፈልቅቆ በጨርቅ ላይ ተሰፍቶ። ለመጨማደድ የከሰል ዱቄት በጥቂት ቫዝሊን ይበቃል፤ ቫዝሊኑ ከበዛ መብራት ሥር ያብለጨልጫል።

ማይክራፎን? ሲሚንቶ ወለልና ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው አዳራሽ ውስጥ ቃሉን ያስተጋባል እንጂ አያጠራም። ለመቶ ሰው የሚሆን አዳራሽ ከሆነ ተዉት። ይልቅ በኋለኛው ግድግዳ ላይ ጋቢና ብርድ ልብስ ስቀሉ፣ አንድ ሰው መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጦ የመጨረሻ ቃሎቹን ይቁጠር፤ ያልሰማውን ስንኝ በዝግታ ድገሙት። መብራት ሲጠፋም የማይቆም ትዕይንት ይኖራችኋል፤ የሚሞላ አምፖል ከፊት በግራና በቀኝ ማዘጋጀት ነው።

የክራሩን ቅኝት እዚያው አዳራሹ ውስጥ፣ ሰው ከገባ በኋላ አንዴ ፈትሹ፤ ውጭ በብርዱ የተቃኘ ክራር ሙቀት ሲያገኝ ይለወጣል። ሐምሌና ነሐሴ ከሰዓት በኋላ ግን ትዕይንት አትያዙ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ ከበሮ መቺውን እንደምትገሥጹት ልትገሥጹት አትችሉም፤ በጠዋት አድርጉት።