ሳጥኑን ከአለቃው በር ላይ አነሳነው

የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ክፍሉን ስረከብ መጀመሪያ የሰጡኝ የጥቆማ ሳጥን ቁልፍ ነው። ሳጥኑ የተሰቀለው ከዋና ሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ ፊት ለፊት ነበር። ስከፍተው አንድ የሠርግ መጥሪያና አቧራ አገኘሁ። "ጥቆማ የለም ማለት ነው" አለኝ ያስረከበኝ ሰው፤ ከልቡ ነበር።

ድርጅቱ የመንግሥት ነው፤ ስሙ ይቆይ። ያኔ በሥራ ላይ በነበረው ደንብ ቁጥር 144/2000 መሠረት ክፍላችን ተጠሪነቱ ለተቋሙ የበላይ ኃላፊ ነበር። እሱስ ይሁን። የባሰው ሌላ ነበር። መኪና የምንጠይቀው ጠቅላላ አገልግሎትን፣ አበል የሚከፍለን ፋይናንስ። ብዙ ጥቆማ የሚመጣውም በእነዚሁ ላይ ነው። "ነገ ጠዋት ቃሊቲ መጋዘን" ብላችሁ የመኪና ፎርም ስትሞሉ መጋዘኑ ማታውኑ እንደሚሰማ አስቡት።

ስለዚህ ሕጉ እስኪሻሻል አልጠበቅንም። ሳጥኑን አነሳነው፤ ቢሯችንንም ከላይኛው ፎቅ አውርደን ከሠራተኞች ሻይ ክበብ አጠገብ አደረግነው። ሻይ ሊጠጣ የወረደ ሰው ጎራ ቢል ማን ልብ ይለዋል? በመጀመሪያው ወር የመጣው ሰው ሳጥኑ በዓመት ካመጣው በለጠ። ጥቆማው በተጠረዘና ገጹ በተቆጠረ መዝገብ ላይ ቁጥር ብቻ ይዞ ይገባል። የጠቋሚው ስም በታሸገ ፖስታ ካዝና ውስጥ ይቀመጣል። የጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ከ2003 ጀምሮ አለ፤ ሰው ግን የሚያምነው ፖስታውን ሲታሸግ በዓይኑ ሲያይ ነው።

ከዋና ሥራ አስኪያጁ ጋር ሦስት ጊዜ ተቀመጥን። ማጣራት ለመጀመር የእሳቸው ፈቃድ እንዳያስፈልገን፣ የመዝገቡ ማጠቃለያም በየሩብ ዓመቱ ለቦርዱ እንዲደርስ በጽሑፍ ፈረሙ። ለመፈረም ቀላል አልነበረም፤ አከብራቸዋለሁ። ለመኪናም የራሳችን ትንሽ በጀት ተያዘልን።

ይህን ሁሉ አድርገንም አንድ ሰው በድለናል።

አዳዲስ ጎማዎች እየጠፉ ነው የሚል ጥቆማ መጣ። እኛም ቀጥ ብለን ወደ ስቶር ኪፐሩ ሄድን። በሠራተኛ ፊት ሰነዶቹን ሰብስበን ቢሮውን አሸግን። ከሰዓት በኋላ ወሬው ግቢውን ሞላው። አብሮት ምሳ የሚበላ ሰው ጠፋ።

ሞዴል 19ን (የዕቃ ገቢ ደረሰኝ) እና ሞዴል 22ን (የዕቃ ወጪ ደረሰኝ) ስናመሳክር ግን ገቢና ወጪው ልክ ነው። ያዳነው የራሱ ጥንቃቄ ነው። ጎማ ሲረከብ የእያንዳንዱን ሲሪያል ቁጥር በቢን ካርዱ (የዕቃው መቆጣጠሪያ ካርድ) ጀርባ በእርሳስ ጽፎ አስቀምጧል፤ ማንም አላዘዘውም። ባልደረባዬ የእጅ ባትሪ ይዞ መኪኖቹ ሥር ተኝቶ ከጎማው ጎን ቁጥሩን ያነባል፣ እኔ እጽፋለሁ። አዲስ ጎማ ተቀይሮላቸዋል ከተባሉት መኪኖች ብዙዎቹ ላይ የተገጠመው ሌላ ቁጥር ነበር። ጎማው ከስቶር በትክክል ወጥቶ ጋራዥ ውስጥ ነው የተለወጠው። የወንጀሉን ነገር ለፖሊስ አስተላለፍን፤ እሱ የእኛ ሥራ አይደለም።

ስቶር ኪፐሩን "ነጻ ነህ" አልኩት፣ በቃል። "ሲያሽጉት ሁሉም አይቷል። ሲከፍቱትስ ማን አየ?" አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

በማግስቱ ሁሉም ሰው ባለበት ሰዓት ማሸጊያውን ራሴ አነሳሁ። ደብዳቤውም በማኅተም ወጥቶ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ምሳ ላይ አብረውት የተቀመጡት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ሌሎቹ ወራት ፈጀባቸው።

ከዚያ ወዲህ ሰነድ የምንሰበስበው ሠራተኛ ከወጣ በኋላ ነው። ፋይላችን የመጨረሻ ገጽ ላይም አንድ መስመር ጨምረናል፦ "ነጻ የተባለው ሰው ደብዳቤ የደረሰበት ቀን"። እሱ ሳይሞላ ፋይል አይዘጋም።