«ለማን አቤት ልበል?»

ዛሬ ከቡድናችን አንዲት ባልደረባ ለቀቀች። ሦስት ዓመት አብረን ሠርተናል። የመልቀቂያ ደብዳቤዋ ሁለት መስመር ነው፤ «በግል ጉዳይ» ይላል። አለቃዋ እኔ ስለሆንኩ ደብዳቤው ወደ እኔ ነው የመጣው። ፈርሜ ማስተላለፍ አቃተኝ። ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብለን አወራን።

መጀመሪያ ያነሳችው የማታውን መልእክት ነው። ማታ ማታ ሐሳብ ሲመጣልኝ እንዳልረሳው ብዬ ወዲያው እጽፍላታለሁ። በዚያው ሰዓት መልስ ፈልጌ አይደለም። «አሁን መልሺ ብለህ አታውቅም» አለችኝ። «ነገ ይደርሳል ብለህም ግን አታውቅም።»

ሳስበው ጥፋቴ ከዚያም ይብሳል። አንድ ስብሰባ ላይ «እሷ እኮ ማታም ቢሆን ትመልሳለች» ብዬ በሁሉም ፊት አመስግኛታለሁ። ከልቤ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ሌሎቹም ማታ መመለስ ጀመሩ። ደንብ አላወጣሁም። ምስጋናዬ ራሱ ደንብ ሆነ።

ሁለተኛው ይበልጥ ከበደኝ። አንድ ባልደረባችን ሲለቅ ሥራውን ደርባ ይዛ ነበር፤ ስምንት ወር ሙሉ። የእድገት ጊዜ ሲመጣ ይታሰብልኛል ብላ ጠበቀች። ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጠ። «ቃል የገባልኝ ሰው እንደሌለ አውቃለሁ» አለች። «ታዲያ ለማን አቤት ልበል?» መልስ አልነበረኝም።

ዴኒስ ሩሶ የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1989 ስለ «ሥነ ልቦናዊ ውል» የጻፉትን ድሮ አውቀዋለሁ። ይህ ውል ያለው በሠራተኛው እምነት ውስጥ ነው። ይህን ሰጥቻለሁ፣ ይህ ይገባኛል ብሎ ያምናል። አሠሪው ውል መኖሩን እንኳ ላያውቅ ይችላል። ሲፈርስ ግን ሠራተኛው የተከዳ ያህል ይሰማዋል። ያኔ ከራሴ ጋር አላገናኘሁትም ነበር።

ደግሞ የለቀቀችው ዛሬ አይደለም። ስብሰባ ላይ መከራከር የምትወድ ልጅ ነበረች። ቀስ በቀስ ዝም አለች። ሥራዋን በሰዓቱ ታስረክባለች፣ የተጠየቀችውን ትመልሳለች፣ በቃ። እኔ ተረጋጋች ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ዊሊያም ካን የተባሉ ሌላ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1990 ይህንኑ ነው የገለጹት፤ ሰው በአካል ሥራው ላይ እያለ ልቡንና ሐሳቡን ሊያወጣ ይችላል። ከጠቀሷቸው ምክንያቶች አንዱ የደኅንነት ስሜት ነው። ብናገር ይጎዳኛል ወይ? እሷ መናገር ስታቆም ለዚህ ጥያቄ መልስ አግኝታ ነበር ማለት ነው። ያን ጊዜ ጠርቼሽ ባናግርሽ ትቀሪ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኳት። «ምናልባት» አለችኝ። ከሁሉም ያቺ ቃል ነች ውስጤን የበላችኝ።

አሁን መሽቷል። ለቀሩት አራት ልጆች ከእነሱ የምጠብቀውን በግልጽ እየጻፍኩ ነው። «ማታ የምልከው መልእክት መልሱ ነገ ነው» የሚለው ቀላል ነበር። «ሰው ሲጎድል ሥራውን እንከፋፈላለን» የሚለው ላይ ስደርስ ቆምኩ። በምትኩ ምን እንደሚያገኙም መጻፍ አለብኝ። ያን የመወሰን ሥልጣን ደግሞ የለኝም። ስለዚህ ነገ ጠዋት መጀመሪያ የማናግረው የራሴን አለቃ ነው። ወረቀቱን እንደጎደለ ይዤው እገባለሁ።