አሥራ ሁለቱ ነርቮች ዶሮ ማነቂያ ይኖራሉ

ነርስ ነኝ። ቀን ሥራ፣ ማታ ትምህርት። ዲግሪዬን ስጀምር ትልቁ ራስ ምታቴ አናቶሚ ነበር። ችከላ ድሮም አይሆንልኝም። ማታ የያዝኩት ጠዋት የለም። አንዳንድ የክፍል ጓደኞቼ አንድ ገጽ ሁለቴ አይተው ይወጡታል። እነሱ ተፈጥሯቸው ነው፣ የኔ ጭንቅላት ደግሞ ልኩ ይሄው ነው ብዬ ቁርጤን አውቄ ነበር።

ሐሳቤን ያስቀየረኝ አንድ ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የለንደን ተመራማሪዎች በማስታወስ ችሎታቸው የታወቁ ሰዎችን መረመሩ። የአንጎላቸው ቅርጽ ከሌላው ሰው የተለየ አልነበረም። በብልህነት መለኪያም ከሰው አይበልጡም። ልዩነቱ ዘዴያቸው ላይ ነው። አብዛኞቹ በደንብ የሚያውቁትን ቦታ በሐሳብ እየዞሩ፣ መያዝ የፈለጉትን ነገር በየጥጉ ያስቀምጣሉ። ሲፈልጉት ተመልሰው ያነሱታል። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች ተራ ሰዎችን ሰብስበው በቀን 30 ደቂቃ፣ ለ40 ቀን ይህንኑ አሠለጠኗቸው። ከ72 ቃላት በአማካይ 26 ያህል ይይዙ የነበሩት 62 አካባቢ ደረሱ።

ዘዴው ጥንታዊ ነው። ሲሞኒደስ የተባለው የግሪክ ባለቅኔ ከግብዣ ለአፍታ ወጣ ሲል አዳራሹ ተደርምሶ እንግዶቹ አለቁ ይባላል። አስከሬኖቹ የማን የማን እንደሆኑ መለየት ጠፋ። እሱ ግን ማን የት ተቀምጦ እንደነበር በዓይነ ሕሊናው እያየ ለየላቸው።

እኔ የማውቀው አዳራሽ የለም። የማውቀው ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ያደግኩበትን ግቢ ነው። ከቆርቆሮው በር እስከ እማዬ አልጋ ድረስ ዓይኔን ጨፍኜ እሄደዋለሁ። ከአንጎል በቀጥታ የሚወጡትን 12 ጥንድ ነርቮች እዚያ ላስገባቸው ወሰንኩ። ስማቸውን በቅደም ተከተል፣ ከነሥራቸው።

የቆርቆሮው በር ላይ መጥረጊያ የሚያህል አፍንጫ ተለጥፏል። ከውስጥ ቡና እየተቆላ ስለሆነ ይንቀጠቀጣል። ይሄ አንደኛው ነው፣ ኦልፋክተሪ፣ ማሽተት። ልብስ ማስጫው ሽቦ ላይ አንድ ግዙፍ መነጽር ተሰጥቶ ውሃ ያንጠባጥባል። ኦፕቲክ፣ ማየት። የጋራ ማድ ቤቱ ውስጥ አምስተኛው አለ፣ ትራይጀሚናል። ይሄ ነርቭ ሦስት ቅርንጫፍ አለው፤ አንዱ ለግንባር፣ አንዱ ለጉንጭ፣ አንዱ ለአገጭ። እኔ ዘንድ ሦስት ጉልቻ ነው። ሦስቱም ፊት አላቸው፤ አንዱ ግንባሩን፣ አንዱ ጉንጩን፣ አንዱ አገጩን ተቃጥሎ ይጮኻል። ታችኛው ሲጮህ ያላምጣል፣ የማኘኩ ሥራም የዚያ ቅርንጫፍ ስለሆነ።

ሳሎን ከቡፌው አጠገብ ቬገስን አስቀመጥኩት። ዐሥረኛው ነው፤ ከጭንቅላት ተነስቶ ልብን፣ ሳንባን፣ ሆድን የሚያዳርስ ነርቭ። እሱን ያደረግኩት ያልተጠራ እንግዳ ነው። ዳንቴሉን ገልጦ ቴሌቪዥኑን ይነካካል፣ ድስት ይከፍታል፣ ጓዳ ሳይቀር ይገባል። የመኝታ ቤቱ በር ላይ አንድ ወዛደር ኩንታል ጤፍ ተሸክሞ ትከሻውን ይሰብቃል፤ አክሰሰሪ። አልጋው ሥር ደግሞ ረጅም ምላስ ወጥቷል፤ ሃይፖግሎሳል። እሱን ያየ ሰው አይረሳውም።

የተማርኩት የመጀመሪያ ነገር፣ ጨዋ ምስል አይሠራም። «ነርቭ ቁጥር 11 በሩ አጠገብ ቆሟል» ብትል ነገ የለም። ማስቀየም፣ ማሳቅ፣ መሽተት አለበት። አንዳንዶቹ ምስሎቼ እዚህ የሚጻፉ አይደሉም። ሁለተኛ፣ መብራት ያስፈልጋል። ስድስተኛውን ነርቭ ማድ ቤቱና ሽንት ቤቱ መካከል ያለው ጨለማ ኮሪደር ውስጥ አድርጌው ደጋግሞ ይጠፋብኝ ነበር። አምፖል ሰቀልኩለት፣ መጣ። ሶሎሞን ሸረሼቭስኪ የሚባል በማስታወስ ችሎታው የታወቀ ሩሲያዊ ነበር፤ አሌክሳንደር ሉሪያ የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ ለብዙ ዓመታት አጥንቶታል። እሱም የሚይዘውን ነገር በሐሳቡ መንገድ ላይ ይደረድር ነበር። አንዴ እንቁላል ረሳ። ለምን ሲባል፣ ነጭ ግድግዳ ላይ አስደግፌው ሳልፍ አላየሁትም አለ።

ሰውዬው የሚያስቀናም የሚያሳዝንም ነው። መርሳት ይቸግረው ነበር። እያንዳንዱ ቃል ምስል እያመጣበት የንባብ ፍሬ ሐሳብ ያመልጠዋል። ይሄን የማነሳው ዘዴው ሁሉን እንደማይፈታ ለማለት ነው። ቅደም ተከተልና ስም ይይዝልሃል። ፊቱ በአንድ በኩል የተጣመመ በሽተኛ ሲመጣ ግን ችግሩ ስትሮክ ይሁን ፊትን የሚያንቀሳቅሰው የሰባተኛው ነርቭ ሕመም የሚያስለይህ ግንባሩ ይንቀሳቀስ እንደሆነ ማየት፣ ለምን እንደሚንቀሳቀስም መረዳት ነው። ያንን ምንም ግቢ አይሰጥህም።

የድሮ ጎረቤታችን ለነበሩ አንድ መሪጌታ ነገሩን ሳጫውታቸው ሳቁብኝ። «ልጄ፣ እኛ መች ወረቀት ነበረን?» አሉ። ቅኔ ሲቆጥሩ ብቻቸውን ወጣ ብለው ይቀመጣሉ፣ በሐሳባቸው ያበጁታል፣ ከዚያ ለየኔታ በቃል ይነግራሉ፣ የኔታም እዚያው ያርሙላቸዋል። «አንዷን ቅኔዬን ሳነሳት» አሉ፣ «የቆጠርኩባት የዋርካ ጥላ አብራ ትመጣለች።» እኔ ከጥናት የለቀምኩትን እሳቸው ኖረውታል።

ዶሮ ማነቂያ በ2016 ዓ.ም. ፈረሰ። እኛም ኮንዶሚኒየም ገባን። ግቢው በአካል የለም። ጉልቻዎቹ ግን አሁንም ይጮኻሉ፣ እንግዳውም ድስት ይከፍታል። እውነቱን ለመናገር ፈተና ላይ ስቀመጥ ቤቱ መፍረሱ ትዝም አይለኝም።

ያስቸገረኝ አዲሱ ቤት ነው። ፋርማኮሎጂ ሲመጣ ድሮው ግቢ ሞልቶብኝ ነበር። በአንድ ጥግ ላይ ሁለት ነገር ካስቀመጥክ የበፊቱ ምስል እየመጣ ይረብሻል። ቢያንስ እስኪደበዝዝ መጠበቅ አለብህ፣ እኔ ደግሞ ነርቮቹን ማደብዘዝ አልፈልግም። ኮንዶሚኒየሙን ስሞክረው ምንም አልያዝ አለ። ግድግዳው ሁሉ ነጭ፣ በሩ ሁሉ አንድ ዓይነት፤ የሸረሼቭስኪ እንቁላል ቤት! የታክሲ መስመርም ሞከርኩ፣ ከሜክሲኮ ሳሪስ። ረዳቱ «ወራጅ አለ?» ሲል ሐሳቤ ይበተናል።

በመጨረሻ ያገኘሁት ደረጃውን ነው። ሊፍት ስለሌለን በየቀኑ እወጣዋለሁ፣ በየፎቁ ልቤ ምን ያህል እንደምትመታም አውቃለሁ። ስለዚህ የልብ ምት የሚያዘገዩትን ቤታ ብሎከሮች እዚያ ደረደርኳቸው። አንደኛ ፎቅ አቴኖሎል፣ ሁለተኛ ሜቶፕሮሎል። ሦስተኛው ላይ ፕሮፕራኖሎል ደረጃው ላይ ተዘርፍጦ ቀሚሴን ይዞ «ቀስ በይ እንጂ!» ይለኛል። ከጀርባው አስም ያለበት የጎረቤት ልጅ በሩን ዘግቶበታል። ይሄ መድኃኒት የአየር ቧንቧን ሊያጠብብ ስለሚችል አስም ያለበት ሰው ቤት አይገባም።