ምርቱ በተቋረጠ ስላይድ ፊልም ሱሉልታና እንጦጦ ላይ ማንሳት

ጊዜው ያለፈበት ኔጋቲቭ (ምስሉ ተገልብጦ የሚወጣበት ፊልም) የለመደ ሰው «በየአሥር ዓመቱ አንድ ስቶፕ ብርሃን ጨምርለት» ይላል፤ አንድ ስቶፕ መጨመር ብርሃኑን እጥፍ ማድረግ ነው። ይህ ምክር ስላይድ ላይ፣ ማለትም ፊልሙ ራሱ ምስል ሆኖ በሚታይበት ላይ፣ ገደል ይከታል። ስላይድ ሲያረጅ የሚያጠራቅመው ጭጋግ (ያለ ብርሃን የሚመጣ ጥቁረት) በመጀመሪያው ዴቨሎፐር፣ ማለትም በመጀመሪያው የማጠቢያ ኬሚካል፣ ውስጥ ብር ሆኖ ይወጣል፤ በኋላ ለቀለም የሚቀረው ያንሳል፤ ጥቁር መሆን የነበረበት ቦታ ሳስቶ ይቀራል። በዚያ ላይ ብርሃን ከጨመሩበት ነጩ ጭራሽ ይቃጠላል። ስለዚህ ምርቱ የተቋረጠውን የኮዳክ ስላይድ፣ ኤክታክሮም ኢ100ቪኤስን፣ የምጠቀመው ካርቶኑ ላይ በተጻፈው 100 አይኤስኦ (ለብርሃን ያለው ስሜት) ነው፤ ቢበዛ ሲሶ ስቶፕ ብጨምርለት ነው።

ኮዳክ ይህን ፊልም እንደሚያቆም ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። በ2018 ገበያ ላይ የወጣው ኢ100 ቀለሙ ረጋ ያለ ሌላ ፊልም ስለሆነ አንዱን በሌላው መተካት አይቻልም። ሌላውን የድሮ የኮዳክ ስላይድ፣ ኮዳክሮምን፣ የሚሸጥላችሁ ካገኛችሁ ግን ለቀለም ብላችሁ አትግዙ፤ ኬ-14 የሚባለው የራሱ አጠባ ካበቃ ቆይቷል፤ ዛሬ ከእሱ የሚወጣው ጥቁርና ነጭ ብቻ ነው።

ስገዛ ፍሪዘር ውስጥ የኖረና የኢመልሽን ቁጥሩ (ካርቶኑ ላይ ያለው የምርት ዙር ቁጥር) አንድ ዓይነት የሆነውን አንድ ላይ እወስዳለሁ። ከዚያ አንዱን ለሙከራ እሠዋለሁ፤ ውጤቱ ለቀሪዎቹ ስለሚሠራ ኪሳራ አይደለም። የመጀመሪያው ፍሬም ፀሐይ ላይ የተያዘ ግራጫ ካርድ ነው። የታጠበው ስላይድ ወደ ሐምራዊ ካደላ በሲሲ10 አረንጓዴ ፊልተር (ሲሲ ቀለም ማረሚያ ነው፣ ቁጥሩ የቀለሙ ጥንካሬ) አየዋለሁ፤ መካከለኛው ግራጫ ከተስተካከለ ሌንሱ ላይ የማስረው ግማሹን፣ ሲሲ05ን ነው። ስላይድ ኮንትራስቱ ከፍተኛ ስለሆነ ሙሉውን ካሰራችሁ ወደ አረንጓዴ ያልፋል። ፊልተሩ ሲሶ ስቶፕ ይበላል።

ካሜራውም መፈተሽ አለበት። ለሜርኩሪ 1.35 ቮልት ባትሪ የተሠሩ የድሮ ካሜራዎች ላይ 1.5 ቮልት አልካላይን ሲገባ ላይት ሜትሩ (የብርሃን መለኪያው) ብርሃኑን አብዝቶ ያነባል፤ ስላይዱ ጨልሞ ይወጣል። ለጆሮ መስሚያ የሚሆነው 675 ዚንክ ኤር ባትሪ ይቀርበዋል። በድሮ ካሜራ 1/1000 የሚለውን የሻተር ፍጥነት አላምነውም፤ ብዙ ጊዜ ስለሚዘገይ ግማሽ ስቶፕ ያህል ብርሃን ይጨምራል። ኔጋቲቭ ይህችን ግማሽ ስቶፕ ይችላታል፣ ስላይድ አይችላትም።

ሱሉልታ ሜዳ ላይ በመስከረም ብርሃኑ የሚመቸው ከንጋቱ 12፡45 እስከ 2፡30፣ ከሰዓት ደግሞ ከ10፡30 በኋላ ነው። ከዚያ ውጭ ፀሐይዋ አናት ላይ ስለምትሆን ነጠላ የለበሰ ሰው ፊትና ልብስ አንድ ስላይድ ላይ አይገቡም፤ ፊልሙ የሚይዘው በጠቅላላው አምስት ስቶፕ ገደማ ነው። የምለካው ከነጠላው ነው፤ ቀርቤ ሜትሩን በነጩ ሞልቼ አነባለሁ፣ ከዚያ አንድ ስቶፕ ተኩል ብርሃን እጨምራለሁ። ሽመናው ሳይጠፋ ነጭ ይሆናል። ለአደይ አበባ ሁለት ሦስተኛ ስቶፕ ይበቃል፤ ካነሰ ቢጫው እንደ እርድ ይጠቁራል፣ ከበዛ ቅጠሉ ይጠፋል። ይህ ፊልም ለቀይ አፈርና ለአበባ የተፈጠረ ነው፤ ጠይም ፊት ላይ ግን ቀይ ስለሚጨምር ለሰው ፎቶ ብዙም አልወደውም። እንጦጦ ላይ፣ 3,000 ሜትር አካባቢ፣ የባሕር ዛፍ ጥላ በጣም ሰማያዊ ነው፤ ሰማያዊውን የሚቀንስ 81ኤ ፊልተር ያስፈልጋል።

ፊልሙ ከፍሪዘር ሲወጣ ከነማሸጊያው ሁለት ሰዓት ይቆይ፤ ቶሎ ከተከፈተ እርጥበት ይቋጥርበታል።

አጠባው ኢ-6 የሚባለው የስላይድ አጠባ ነው፣ በ38 ዲግሪ። የመጀመሪያው ዴቨሎፐር 6 ደቂቃ ነው፤ ሙቀቱ ከ0.3 ዲግሪ በላይ መዛነፍ የለበትም፤ ሌሎቹ ይህን ያህል አይጨንቁም። ከሞቀ ስላይዱ ይነጣል፣ ከቀዘቀዘ ይጨልማል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ማሞቂያ ላይ አልመካም፤ ጠርሙሶቹን 39 ዲግሪ ውሃ ባለበት ትልቅ ሳፋ ውስጥ አቆማለሁ፣ የፈላ ውሃ በፔርሙዝ ይዤ በየደቂቃው ትንሽ እጨምራለሁ። ታንኩንም ባዶውን አስቀድሜ አሞቃለሁ፤ ቀዝቃዛ ታንክ ሲሞላ አንድ ዲግሪ ይሰርቃል። ቧንቧ መሀል ላይ ስለሚቋረጥ የመለቅለቂያው ውሃ ከመጀመሪያው በጀሪካን ይቀዳ። ኬሚካሉን የምበጠብጠው ለመኪና ባትሪ በሚሸጠው ዲስቲልድ ውሃ ነው፤ አሲዱም ጎን ለጎን ስለሚሸጥ ጽሑፉን አንብቡ።

ከመጀመሪያው ዴቨሎፐር በኋላ በውሃ ተለቅልቆ፣ ሪቨርሳል (ቀሪውን ለቀለም የሚያዘጋጀው) 2፣ ከለር ዴቨሎፐር (ቀለሙን የሚያወጣው) 6፣ ፕሪብሊች (ለብሊች የሚያዘጋጀው) 2፣ ብሊች 6፣ ፊክሰር (ሁለቱ ተባብረው ብሩን የሚያስወግዱት) 4 ደቂቃ ነው። የፊክሰር ጠብታ የመጀመሪያው ዴቨሎፐር ውስጥ ከገባ ጥቁሩ ይሳሳል፤ የፊልሙ እርጅና ነው ብላችሁ ልትሳሳቱ ትችላላችሁ፤ ስለዚህ ማንቆርቆሪያው ለየብቻ ይሁን። ጥላው ደፍርሶ ጭቃ ከመሰለ ግን ብር ቀርቶበታል ማለት ነው፤ ብሊቹና ፊክሰሩ ከደረቀ በኋላም ሊደገሙለት ይችላሉ።