ልጅ ማለት ስንት ዓመት ነው?

ሰሞኑን ቤታችን ውስጥ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይነሳል። ልጅ ማለት ስንት ዓመት ነው? ፍልስፍና እንዳይመስላችሁ። የሦስት ሳምንት የቤተሰብ ጉዞ ወደ አውሮፓ እያቀድን ነው። ልጆቻችን ሦስት ናቸው፤ አንዱ 17፣ አንዷ 14፣ ትንሹ ደግሞ 12 ሊሞላው የደረሰ። የከፈትኩት ድረ ገጽ ሁሉ ልጅነትን የሚቆርጠው በየራሱ መቀስ ነው።

አየር መንገዶች የልጅ ዋጋ የሚሰጡት 12 ዓመት እስኪሞላ ድረስ ነው። የሚቆጠረውም ትኬቱ በተገዛበት ቀን ሳይሆን በሚበሩበት ቀን ባለው ዕድሜ ነው። ትንሹ ልጄ ከመነሻችን ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ 12 ይሞላዋል። ሁለት ሳምንት! ወደ ሸንገን አገሮች (በአንድ ቪዛ የሚገቡባቸው የአውሮፓ አገሮች) ለአጭር ጊዜ የሚመጣ የአውሮፓ ኅብረት ዜጋ ያልሆነ መንገደኛ ድንበር ላይ ፎቶ የሚነሳበትና አሻራ የሚሰጥበት አዲስ አሠራር እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 ጀምሯል። ከ12 በታች የሆነ ልጅ አሻራ አይሰጥም። የእኛው ይሰጣል፣ እሱ በዚህ ደስ ብሎታል። ቬኒስ ደግሞ ውሎ ለሚመለስ ጎብኚ በተወሰኑ ቀናት የመግቢያ ክፍያ ታስከፍላለች፣ ከ2024 ጀምሮ። ከ14 በታች ያሉትን አይመለከትም። ሴቷ ልጄ ግን 14 ናት፣ ትከፍላለች። የሮሙ ጥንታዊ ስታዲየም ኮሎሲየምና የፓሪሱ ቤተ መዘክር ሉቭር ከ18 በታች የሆነን ሁሉ፣ ከየትም አገር ይምጣ፣ በነጻ ያስገባሉ። ትልቁ ልጄ 18 የሚሞላው በጉዞው 10ኛ ቀን ላይ፣ ፍሎረንስ ውስጥ ነው። ሮም ላይ ልጅ ነው፣ ፓሪስ ላይ አዋቂ።

መጀመሪያ ስቄ ነበር። በኋላ ግን ያንን 10ኛ ቀን የእቅዱ ወረቀት ላይ ሳየው ዝም አልኩ።

እስኪ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። ከአራት ዓመት በፊት የመጀመሪያውን ትልቅ ጉዞ ያቀድኩት እኔ ብቻዬን ነበርኩ። በ12 ቀን አምስት ከተማ። ሰንጠረዡ በቀለም የተለየ፣ በሰዓት የተከፋፈለ፣ ያየው ሁሉ ያደነቀው። ከጉዞው ስንመለስ ልጄን «ከሁሉም ምኑን ታስታውሺዋለሽ?» ብዬ ጠየቅኳት። ትንሽ አሰበችና «ሻንጣ» አለችኝ። እውነቷን ነው። በየሁለት ቀኑ ሻንጣ ስንዘጋና ስንከፍት ነበር የከረምነው። አንድ ሆቴልማ «የቤተሰብ ክፍል» ብሎ የሰጠን ለሦስት ሰው የተሠራ ክፍል ውስጥ ሁለት ተጣጣፊ አልጋ አስገብቶ ነው። በሩን ለመክፈት አንድ አልጋ መታጠፍ ነበረበት። ያኔ ልጆቹ ትንንሽ ስለነበሩ ነገሩ በሳቅ አለፈ። አሁን ግን ትልቁ ከአባቱ በላይ ሆኗል፣ ተጣጣፊ አልጋ ላይ ቢተኛ እግሩ ኮሪደር ላይ ነው የሚያድረው።

ስለዚህ ዘንድሮ ያቀድነው በጋራ ነው። ማለቴ፣ ለማቀድ ሞከርን። እራት ላይ ሰብስቤያቸው «የት እንሂድ?» አልኩ። ትልቁ ከስልኩ ቀና ሳይል «እኔ ባልሄድስ?» አለ። ትምህርት ቤት የጨረሰበት ክረምት ነው፣ ጓደኞቹ በየአቅጣጫው ሊበተኑ ነው፣ ሦስት ሳምንት ከእናትና ከአባት ጋር ቤተ መዘክር ለቤተ መዘክር መዞር ለእሱ ቅጣት ነው። «እሱ የእናንተ ዕረፍት ነው እንጂ የእኔ አይደለም» ሲለኝ ሆዴ ባባ። ባለቤቴ ሊቆጣ ሲል በእግሬ ነካሁት። ልጁ ስርዓት አልጎደለበትም፣ እውነቱን ነው የነገረን።

በነጋታው ለብቻው ይዤው ምን ቢሆን እንደሚመጣ ጠየቅኩት። ሁለት ነገር ነው ያለኝ። አንደኛ፣ ከትንሽ ወንድሙ ጋር አንድ አልጋ ላይ እንዳይተኛ። ሁለተኛውን ቆየት ብዬ እነግራችኋለሁ፣ ምክንያቱም ያጣላን እሱ ነው።

የመኝታው ነገር ቀላል መስሎኝ ነበር፣ ከትኬቱ በላይ ያደከመኝ እሱ ሆነ። አብዛኛው ሆቴል ክፍሉን የሚሸጠው ለሁለት ወይ ለሦስት ሰው ነው፣ አምስት ሆናችሁ ስትመጡ ሁለት ክፍል ትወስዳላችሁ። ሁለቱን የሚያገናኝ በር እንዲኖር ብትጠይቁም በብዙ ቦታ «እንሞክራለን» ነው መልሱ፣ ስለዚህ በጽሑፍ ካላረጋገጡላችሁ አትቁጠሩበት። የሚከራይ አፓርታማ ይሻላል ብዬ ዞርኩ። እዚያም «ስድስት ሰው ያስተናግዳል» የሚለው ቤት ሲከፈት አንድ መኝታ ቤት፣ አንድ የሚዘረጋ ሶፋ፣ አንድ ሌላ የሚዘረጋ ሶፋ ሆኖ ይገኛል። አሁን የሰው ቁጥር አላይም። የምቆጥረው በር ነው። የሚዘጋ በር ያላቸው ስንት ክፍሎች አሉ? መታጠቢያ ቤቱስ አንድ ነው ሁለት? የ14 ዓመት ልጅ ያለችበት ቤት መታጠቢያ ቤት አንድ ብቻ ከሆነ ጠዋት ከቤት የምትወጡበትን ሰዓት እርሱት። ሌላው ልብስ ማጠቢያ ማሽን ነው። እሱ ካለ የሦስት ሳምንት ልብስ መሸከም ቀረ፣ የአንድ ሳምንት ይበቃል፣ ትልልቅ ልጆች ደግሞ የራሳቸውን ራሳቸው ያጥባሉ (ቤት የማያደርጉትን እዚያ ሊያደርጉት ነው እንግዲህ፣ ተስፋ ነው)።

ከተሞቹን ከሰባት ወደ ሦስት አወረድናቸው። ሮም 7 ሌሊት፣ ፍሎረንስ 6፣ ፓሪስ 8። ሮም ገብተን ከፓሪስ እንመለሳለን። ብዙ ሰው ደርሶ መልስ ከአንድ ከተማ ብቻ ይገዛና የመጨረሻውን ቀን ወደ መጀመሪያው ከተማ ለመመለስ ያባክነዋል። በአንዱ ገብቶ በሌላው መውጣትን ፈልጉት፣ ብዙ ጊዜ የዋጋው ልዩነት እንደሚፈራው አይደለም። ከሮም ፍሎረንስ በፈጣን ባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ከፍሎረንስ ቬኒስ ሁለት ሰዓት ያህል ስለሆነ ደርሶ መልስ ውሎ መምጣት ይቻላል፣ ሻንጣ ሳይነካ። ወደ ፓሪስ የምንሄደው በሚላን በኩል ነው፤ ከሚላን ፓሪስ ያለው ባቡር ሰባት ሰዓት ያህል ይፈጃል። እሱን የመረጠችው ሴቷ ልጄ ናት፣ ተራራውን በመስኮት ማየት ትፈልጋለች። አንድ ወዳጄ «ያ መስመር ተዘግቷል» ብሎ አስደንግጦኝ ነበር። እውነትም በ2023 ናዳ ወርዶበት ነበር፤ ግን መጋቢት 2025 መጨረሻ ላይ ተከፍቷል። ከጓደኛ የሰማችሁትን ምክር ቀኑን ጠይቁ።

አሁን የጋራ እቅዱን ያዳነልን ነገር። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ነገር ሙሉ በሙሉ ሰጠሁት። ማለትም መርጦ፣ የሚከፈትበትን ቀን አጣርቶ፣ ትኬቱን አግኝቶ፣ ከቤት እንዴት እንደምንደርስ አውቆ፣ በዚያ ቀን መሪው እሱ ነው። ቀላል አይደለም፣ እጄን ይበላኛል። ግን ሉቭር ማክሰኞ እንደሚዘጋ ያገኘችው ልጄ ናት። የእኔ ሰንጠረዥ ላይ የት እንደነበር ገምቱ። ማክሰኞ። የፍሎረንሱ ቤተ መዘክር ኡፊዚ ደግሞ ሰኞ ዝግ ነው። የቫቲካን ቤተ መዘክር እሑድ አይከፈትም፣ የወሩ የመጨረሻ እሑድ ካልሆነ በቀር። የኮሎሲየም ትኬት ላይ የእያንዳንዱ ሰው ስም ይጻፋል፣ ስለዚህ በነጻ የሚገባውም ልጅ ቀድሞ ቦታ መያዝና መታወቂያ መያዝ አለበት።

የትንሹ ምርጫ ደረጃ ሆነ። አዎ፣ ደረጃ። የቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ ጉልላት ድረስ 551 ደረጃ፣ ፍሎረንስ ካቴድራል ጉልላት 463፣ ኤፍል ታወር እስከ ሁለተኛው ፎቅ 674። ደምሮ 1,688 ብሎ ወረቀት ላይ ጻፈው። ቅዱስ ጴጥሮስ ላይ የመንገዱን ከፊል በሊፍት መሄድ እንደሚቻል ስነግረው እንደ ከሃዲ አየኝ። ጉልበቴ ከአሁኑ ያመኛል።

የሴቷ ጥያቄ ደግሞ እንቅልፍ ነው። «በየቀኑ ጠዋት 1 ሰዓት የምንነሳ ከሆነ አልሄድም» አለች። ስንፍና ብዬ ልተቻት ነበር፤ ግን በዚህ ዕድሜ የሰውነት ሰዓት ወደ ኋላ እንደሚገፋ፣ ማታ እንቅልፍ ዘግይቶ እንደሚመጣ የታወቀ ነው። በዚያ ላይ የሰዓት ልዩነት ሲጨመር አስቡት። ተስማማን፦ ቀድመን መነሳት ያለብን ቀን ከሁለት አንዱ ነው፣ ሌላው ቀን እስኪጠግቡ ይተኛሉ። እኔና ባለቤቴ በእነዚያ ጠዋቶች ብቻችንን ቡና እንጠጣለን። ለነገሩ የተሸነፍኩበት ድርድር አይመስለኝም።

ስለ ወረቀት አጭር ነገር ልበል። የልጆች ፓስፖርት በብዙ አገር 5 ዓመት ብቻ ነው የሚያገለግለው፣ የእናንተ ስለሚሠራ የእነሱም ይሠራል ብላችሁ አትቀመጡ። ሸንገን ከወጣችሁበት ቀን በኋላ 3 ወር የሚቀረው ፓስፖርት ይጠይቃል፣ ሌሎች አገሮች 6 ወር ይላሉ። ቪዛ የሚያስፈልገው ሰው ከ6 ወር ቀደም ብሎ ማመልከት ይችላል፣ የሚያመለክተውም ብዙ ሌሊት ለሚያድርበት አገር ነው። ባለቤቴ በሥራ ምክንያት አንድ ሳምንት ዘግይቶ ነው የሚቀላቀለን፤ ስለዚህ ልጆቹ ከእኔ ጋር እንዲወጡ መፍቀዱን የሚገልጽ የተረጋገጠ ደብዳቤና የልደት ሰርተፊኬታቸውን ይዤ ነው የምወጣው። ምናልባት ማንም አይጠይቀኝም። ከጠየቁኝ ግን ኤርፖርት ላይ ቆሜ ስልክ ስደውል መታየት አልፈልግም። ፓወር ባንክ ሻንጣ ውስጥ አይገባም፣ በእጅ ቦርሳ ነው፣ ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያልፈውም እስከ 100 ዋት ሰዓት (Wh፣ የሚይዘው ኃይል መጠን) ያለው ነው። ሦስት ልጅ ሦስት ስልክ ስለሆነ ይህን ሁሉም በቃሉ ይዞታል።

አሁን ወደ ትልቁ ሁለተኛ ጥያቄ። 18 የሚሞላበትን ቀን ብቻውን መዋል ይፈልጋል። ፍሎረንስ ላይ ጠዋት ወጥቶ፣ ብቻውን ባቡር ይዞ፣ ምናልባት ፒዛ ሄዶ (የሚበላው ሳይሆን ግንቡ የዘመመበት ከተማ፣ አንድ ሰዓት ገደማ ነው)፣ ምናልባትም የትም ሳይሄድ። እኔ ለዚያ ቀን ምን ምን አስቤ እንደነበር አልነግራችሁም፣ ኬኩን ጨምሮ። ባለቤቴ «ብቻውን? በባዕድ አገር?» አለ። እኔ ደግሞ መስከረም ላይ የትም አገር ብቻውን ሊኖር ነው አልኩ፣ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት። ሁለት ቀን ተኮራረፍን። ከልጁ ጋር አይደለም፣ እኔና ባለቤቴ።

በመጨረሻ ማቀዝቀዣው በር ላይ ከተለጠፈው ወረቀት የ10ኛውን ቀን ሳጥን አጥፍቼ ባዶ ተውኩት። ትናንት ማታ ውሃ ልጠጣ ስነሳ ሳጥኑ ውስጥ በእርሳስ ተጽፎበታል። «እራት ላይ እመጣለሁ» ይላል። ጠዋት ባለቤቴ አነበበውና «በስንት ሰዓት?» አለ።

ሰዓቱን አልጻፈም።