«ሪሴት» የተባለችውን ፒን ፍለጋ

ራስበሪ ፓይ በምትባለው ትንሽ ኮምፒውተር ላይ አንድ ትንሽ ስክሪን ለማሠራት ሁለት ቀን ሙሉ ታግያለሁ። ድራይቨሩ (ስክሪኑን የሚያዝዘው ፕሮግራም) ተጭኗል፣ የስህተት መልእክት የለም፣ ስክሪኑ ግን ጭልም ብሏል። ጥፋቱ የአንዲት ምልክት ሆኖ ተገኘ። ሃርድዌሩን ለሊነክስ በሚገልጸው የዲቫይስ ትሪ ፋይል ውስጥ ስክሪኑን እንደ አዲስ የምታስነሣዋን ፒን (የኤሌክትሪክ ምልክት የሚያልፍባትን እግር) «ሪሴት-ጂፒአይኦስ» (reset-gpios) ብዬ በጭረት ማያያዝ ሲገባኝ፣ ከግርጌ የምትሰመረውን መስመር (_) አስገብቻለሁ።

እልህ ይዞኝ ድራይቨር ፒኑን በስሟ እንዴት እንደሚያገኛት ለባልደረቦቼ ሰነድ መጻፍ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ረቂቅ የከርነሉን (የሊነክስ ሥርዓተ ክወና እምብርት የሆነውን) ትእዛዞች በተራ የሚደረድር ነበር፤ ስህተት የለበትም፣ ማንንም ግን አይረዳም። አዲስ የገባች ባልደረባችን አንብባው «ድራይቨሩ የሚጠራው “ሪሴት”ን ብቻ ነው፤ “ጂፒአይኦስ” የሚለውን ጭራ ማን ቀጠለበት?» አለችኝ። የሚቀጥለው ከርነሉ ራሱ ነው። ይህን ስለለመድኩት መጻፉን እንኳ አላሰብኩም ነበር።

ረቂቁን ቀድጄ የስሙን ጉዞ ተከተልኩ። ድራይቨሩ «ሪሴት» ይላል። ከርነሉ ጭራውን ቀጥሎ በመሣሪያው መግለጫ ውስጥ ይፈልጋል፤ ካጣ «ስ» የሌላትን የድሮ አጻጻፍ ይሞክራል። ሲያገኝ የትኛው የፒኖች መቆጣጠሪያ፣ ስንተኛዋ ፒን የሚለውን ከዚያው ያነባል። መቆጣጠሪያው ገና ካልተነሣ ድራይቨሩን «ቆይተህ ተመለስ» ይለዋል። ስሙ ጭራሽ ከሌለ ግን መልሱ እንደ አጠያየቁ ነው፦ በግዴታ ለጠየቀ ስህተት፣ «ካለ ስጠኝ» ላለ ባዶ። የእኔ ድራይቨር ከሁለተኛዎቹ ነበርና ባዶውን ተቀብሎ ሥራውን ቀጠለ። ያገናኘኋት 25 ቁጥር ፒን ደግሞ አዛዥ ስታጣ ወደ ዝቅተኛ ቮልቴጅ ትሳባለች፤ ለዚያ ስክሪን ዝቅተኛ ማለት «ሪሴት ላይ ቆይ» ማለት ነው።

ፒንን በስም ከመፈለግ በቁጥር መጥራት አይቀልም ወይ ለሚለኝ፣ በራስበሪ ፓይ ላይ ከርነል 6.6 ሲመጣ በድሮው መንገድ 17 ትባል የነበረችው ፒን 529 ሆናለች። በቁጥሩ የተማመኑ ስክሪፕቶች ወደቁ፤ በስም የሚጠሩት ድራይቨሮች ምንም አልተሰማቸውም።

አንድ ነገር ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ጽፌያለሁ፦ በስም በተገኘች ፒን ላይ 1 መጻፍ «ሥራሽን ጀምሪ» ማለት እንጂ «ቮልቴጅ ከፍ በይ» ማለት አይደለም። ፒኗ በዝቅተኛ ቮልቴጅ የምትሠራ ከሆነ ግልባጩን ከርነሉ ከመግለጫው አይቶ ይሠራዋል። ይህን ሳያውቅ በድራይቨሩ ውስጥ ደግሞ የሚገለብጥ ሰው አይጠፋም።

የሰነዱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ያስቀመጥኩት ያንኑ የተበላሸ ፋይሌን ነው፤ መስመሯን በቀይ ከብቤ።